ማዞሩ ቆመ፣ ድካሙ ግን አልለቀቀም፦ የውስጥ ጆሮ ሚዛን ከታወከ በኋላ የሚቀር ዝለት

ተሁለደሬ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንዲት ታካሚ ምክንያት የመጣ ጥያቄ ነው፤ ግን የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ሌላውም ጤና ጣቢያ እንዲያነበው እዚህ አነሳሁት።

ሴትዮዋ 38 ዓመቷ ነው፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ ትኖራለች። ከ11 ሳምንት በፊት ድንገት ምድር ዞረባት። ሦስት ቀን ሙሉ ማስመለስ፣ ዓይን መግለጥ አለመቻል፣ ግድግዳ ተደግፎ መሄድ። መስማቷ አልቀነሰም፣ ጆሮዋም መግል የለውም። በአራተኛው ቀን ቀለል አላት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መዞሩ ቆመ ማለት ይቻላል። አሁን የምትለው «ማዞሩስ ለቀቀኝ፣ ሰውነቴ ግን ዛለ» ነው። ጠዋት ደህና ትነሳለች፤ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ግን የቀኑ አቅሟ አብሮ አለቀ። ገበያ ውስጥ እየሄደች ሰው ካናገራት ቆማ ነው የምትመልሰው። ከሰዓት በኋላ ትተኛለች፣ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ የለም። ቤተሰቡ ግማሹ «ሰነፈች»፣ ግማሹ «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል።

የተሠራላት ምርመራ፦ ግፊት 110/70፣ ስኳር 92፣ ወባ የለም፣ እርግዝና የለም፣ ሄሞግሎቢን 12.6፤ ደህና ነው ተብሎ ታልፏል። የምትወስደው የማዞር ማስታገሻው ሲናሪዚን 25 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ። እንቅልፍ ሲያስቸግራት ፕሮሜታዚን ትጨምራለች።

ድካሙ ከጆሮው ነው ወይስ ሌላ ነገር ልፈልግ? ከጆሮው ከሆነስ ልዩ መሣሪያ በሌለበት ምን ይደረጋል? እረፍት ልዘዝላት ወይስ እንድትንቀሳቀስ ልገፋፋት?

ፊዚዮ ከደሴ

ወንድሜ፣ እረፍት አትዘዝላት። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሚዛኑን መልሶ አይማርም። ድካሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ለቤተሰቡም ይህን ከሁሉ በፊት ንገራቸው።

ጭንቅላት ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይን በዚያው ቅጽበት ወደ ግራ ይዞራል፤ የምናየው ነገር እንዳይደበዝዝ። ትእዛዙ የሚመጣው ከውስጥ ጆሮ ነው፤ የዓይን ጡንቻ ጋ ለመድረስ የሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ይፈጃል። ሳናስበው የሚሆን ስለሆነ አያደክምም። በአንድ በኩል ያለው የሚዛን ነርቭ ሲጎዳ ከቀኝና ከግራ የሚመጣው መልእክት አይገጥምም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መዞርና ማስመለስ ከዚያ ነው። ቀን ሲያልፍ አንጎል ይለምደዋል፣ ቁጭ ላለ ሰው መዞሩ ይቆማል። ሲንቀሳቀስ ግን ጉድለቱ እንዳለ ነው፤ የጎደለውን በዓይን፣ ከእግርና ከአንገት በሚመጣ ስሜት፣ ከዚያም በሐሳብ ይሞላዋል። የሚያደክመው ይሄ ሐሳብ ነው።

በአንድ ጎን የቀለለ የአህያ ጭነት አስቡ። እንዳይገለበጥ ነጂው እስከ ገበያ ድረስ በእጁ ደግፎት ይሄዳል። ሲደርስ «ምን ተሸከምክ?» ቢሉት ምንም አልተሸከመም፤ ክንዱ ግን ዝሏል። ገበያ ላይ ሰው ሲያናግራት የምትቆመው ለዚህ ነው፤ እጇ ጭነቱ ላይ ነው።

ይህንን መለካት ትችላለህ። ደልዳላ ቦታ ላይ 10 ሜትር ዝም ብላ ትሂድና ሰዓት ያዝ። ከዚያ ያንኑ መንገድ የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እየቆጠረች ትሂድ፦ እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ። ሁለተኛው በግልጽ ከዘገየ፣ ቆም ቆም ካለች ወይም ቆጠራው ከጠፋባት የተናገርነውን ዓይተሃል። ቁጥሮቹን ካርዷ ላይ ጻፋቸው፤ ከወር በኋላ የምታወዳድረው ነገር ይኖርሃል።

አንገትና ትከሻዋንም ዳስስ። ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው እንዳይነቃነቅ ገትረው ስለሚይዙ ለመዞር ሙሉ ሰውነታቸውን እንደ ሳንቃ ያዞራሉ። ቀኑን ሙሉ የተገተረ አንገት ለብቻው ራስ ምታትና ድካም ይበቃዋል።

አሁን ወደ ልምምዱ። ዓይንን ማጽናት እንለዋለን።

ግድግዳ ላይ፣ በዓይኗ ከፍታ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ትንሽ ምልክት ይለጠፍ። ፊደል የምታውቅ ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው «ሀ» ይበቃል። ካላወቀች በከሰል የተደረገ ነጥብ አይረዳም፤ ነጥብ ቢደበዝዝም ነጥብ ነው። የ1 ብር ሳንቲም በፕላስተር ይለጠፍና አንበሳው ይታያት፤ ፊቱ ጥርት ብሎ መታየቱን እሷው ታውቃለች። ዓይኗን ከአንበሳው ሳትነቅል ጭንቅላቷን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ታወዛውዝ፤ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ፣ ማለትም አፍንጫዋ ትከሻዋ ጋ ሳይደርስ፣ የመንገዱን ሲሶ ያህል ሄዶ ይመለስ። ፍጥነቱ አንበሳው ሊደበዝዝ ጫፍ ላይ እስኪደርስ ነው። ከደበዘዘ ትንሽ ቀነስ ታድርግ። ከዚያ ያንኑ ወደ ላይና ወደ ታች።

መጠኑ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። በሽታው ከጀመረ ሦስት ወር ለሞላው ሰው የሚፈለገው በቀን በድምሩ 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ተከፋፍሎ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ይህን በመጀመሪያው ቀን ካዘዝክላት በሁለተኛው ቀን ትተወዋለች። ድካም ዋናው ችግር ለሆነበት ሰው እንዲህ ጀምር፦ ቁጭ ብላ ለ30 ሰከንድ ወደ ጎን፣ እረፍት፣ ለ30 ሰከንድ ወደ ላይና ወደ ታች፤ ይህ በቀን አራት ጊዜ፣ በድምሩ 4 ደቂቃ። በየሦስት አራት ቀኑ 15 ሰከንድ ጨምር። 1 ደቂቃ ላይ ስትደርስ ቆማ ትሥራው፤ ቀጥሎ እግሯን ገጥማ፤ ቀጥሎ የታጠፈ ፍራሽ ላይ ቆማ፣ ጥግ ላይ፣ ከፊቷ በርጩማ ተቀምጦ። ጊዜና አቋቋም በአንድ ቀን አብረው አይጨመሩም።

በቂ ነው ወይስ በዛ የሚለው የሚታወቀው ከልምምዱ በኋላ ነው። ከመጀመሯ በፊት ማዞሩን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ትስጠው። ሲጨርሱ 2 ነጥብ ቢጨምር ጥሩ ነው፤ ምንም ካልጨመረ ቀሏታል ማለት ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ወደነበረበት መመለስ አለበት። እስከ ማግስቱ ከቆየ የሚቀጥለውን ግማሽ አድርገው፤ አታቁመው። ቁጥር የማይመቻቸው ሰዎች «እንደ በፊቱ፣ ትንሽ ከፍ፣ በጣም ከፍ» ቢሉም ይበቃል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች፦ ጭንቅላት ሳይሆን ወገብ ማዞር፤ ዓይን ከሳንቲሙ ተነቅሎ ጭንቅላቱን መከተል፤ እና «እንዳያዞረኝ» ብሎ በጣም ቀስ ማለት። ሦስተኛው በጣም የተለመደው ነው። ቀስ ያለ እንቅስቃሴን ዓይን ብቻውን ይከታተለዋል፤ ጆሮው ሥራ አልተሰጠውም።

ከአንገት በላይ

ፊዚዮ ያለውን እቀበላለሁ፤ ልምምዱ ከመታዘዙ በፊት ግን በሽታው የትኛው እንደሆነ ይለይ። ሁሉም የጆሮ ማዞር ድካም ያስከትላል፤ ሁሉም ግን በዚህ ልምምድ አይድንም።

የዚህች ሴት ታሪክ፣ ማለትም ድንገት ጀምሮ ቀናት የቆየ፣ መስማት ያልነካ፣ አንድ ጊዜ መጥቶ የሄደ፣ ከሚዛን ነርቭ መቆጣት ጋር ይገጥማል። ለማረጋገጥ የጭንቅላት ግፊት ምርመራ አድርግ፦ አፍንጫህን እያየች ጭንቅላቷን በሁለት እጅህ ያዝና በድንገት፣ ለአጭር ርቀት፣ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ አዙረው። ዓይኗ አፍንጫህ ላይ ከቀረ ያ ጎን ደህና ነው። ከጭንቅላቷ ጋር ሄዶ ከዚያ ዘሎ ከተመለሰ የዞረበት ጎን ጆሮ ደክሟል። አንገቷን የሚያማት ከሆነ ተወው።

የዓይን ምርመራ ሰሌዳ ጤና ጣቢያው ውስጥ ይኖርሃል። ጭንቅላቷ ሳይነቃነቅ የምታነበውን የመጨረሻ መስመር መዝግብ። ከዚያ ከኋላዋ ቆመህ ጭንቅላቷን በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ወደ ጎን እያወዛወዝክ ታንብብ። ከ2 መስመር በላይ ከወረደች ጉድለቱ አለ። ምንም ወጪ የለውም፤ ልምምዱ መሥራቱንም የሚነግርህ ይኸው ነው።

በላዩ ላይ ሌላ አብሮ እንዳይኖር ደግሞ ጠይቃት፦ አልጋ ላይ ስትገላበጥ ወይም ቀና ብላ መደርደሪያ ስታይ ከ1 ደቂቃ በታች የሚቆይ ማዞር አለ? የሚዛን ነርቭ ከተቆጣ በኋላ የጆሮ ጠጠሮች ቦታቸውን መልቀቃቸው የተለመደ ነው። እነዚህ ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ከተቀመጡበት ወደ አንዱ ቀለበት መሰል ቱቦ ሲገቡ ጭንቅላት በተነቃነቀ ቁጥር ፈሳሹን ይገፉታል። ምርመራው ዲክስ ሆልፓይክ ነው፦ ቁጭ እንዳለች ጭንቅላቷን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙረህ ፈጠን አድርገህ በጀርባዋ አስተኛት፣ ጭንቅላቷ ከአልጋው ጠርዝ 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይበል። ዓይኗን ተመልከት፤ ከጥቂት ሰከንድ ቆይታ በኋላ የሚጀምር የዓይን መርገብገብ ከመጣ ጎኑን አገኘኸው። በግራም ድገመው።

ካገኘኸው ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው የሚመልሰውን የኤፕሊ እንቅስቃሴ እዚያው ሥራላት። ቀኝ ከሆነ፦ በዚያው አኳኋን ከ30 እስከ 60 ሰከንድ፤ ጭንቅላቷን 90 ዲግሪ ወደ ግራ አዙር፣ ያንኑ ያህል ጠብቅ፤ ከዚያ ሙሉ ሰውነቷ በግራ ጎኗ ተገልብጦ አፍንጫዋ ወደ መሬት ይመልከት፣ ጠብቅ፤ አገጯን ደረቷ ላይ አድርጋ ትነሳ። ምርመራ አልጋ ከሌለ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈህ ትራሱን ከትከሻዋ ሥር አድርግ፤ ጭንቅላቷ በራሱ ዝቅ ይላል። የማይሠራው ብዙውን ጊዜ በችኮላ ነው፤ መርገብገቡ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ከተሳካ በኋላም ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴ ለሳምንታት፣ መንሳፈፍ የመሰለ ስሜትና ድካም ሊቀር ይችላል፤ አስቀድመህ ንገራት።

የሚለዩትን ሌሎች በአጭሩ፦ ማዞር ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት እየቆየ የሚመላለስ፣ ከጆሮ ጩኸትና ከመስማት መቀነስ ጋር ከሆነ የሜኒየር በሽታ አስብ፤ እዚያ ልምምዱ ሳይሆን ጨው መቀነሱ ይቀድማል፣ በርበሬውና ሽሮውም ጨው እንዳለበት ሳይረሳ። ብርሃንና ድምፅ ከሚያስጠላ ራስ ምታት ጋር የሚመጣ ከሆነ ማይግሬን ነው፤ ድካሙም ማዞሩ ካለፈ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ከሦስት ወር በላይ ቀን በቀን መንገዳገድ፣ ቆሞ ሲሄዱ የሚብስ፣ ሰው በበዛበት ቦታ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የባራኒ ማኅበር (የሚዛን ሕመም ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር) እ.ኤ.አ. በ2017 መለኪያ ያወጣለት የቆየ የሚዛን መታወክ ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋ ወደዚያ እያመራች ሊሆን ስለሚችል 11ኛው ሳምንት ላይ መያዝህ ጥሩ ነው።

ጀንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲን ወይም አሚካሲን የሚባሉትን የፀረ ባክቴሪያ መርፌዎች ለሳምንታት የተወጋ ሰው ከመጣብህ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱም ጆሮ እኩል ስለሚደክም መዞር የለም፤ ያለው መንገዳገድና ድካም ብቻ ነው። ሲራመድ መንገዱ የሚዘልል ይመስለዋል፣ ሲመሽ ይብስበታል። «አይዞርብኝም» ስላለ ብቻ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። እንዲህ ያለ ሰው ሐይቅ ገብቶ አይዋኝ፤ ውሃ ውስጥ ዓይኑ ካላየ ላይና ታች ይጠፋበታል።

ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል የምትልከው፦ አዲስ ከባድ ራስ ምታት፣ ሁለት ሆኖ ማየት፣ የምላስ መተሳሰር፣ የፊት ወይም የአንድ ጎን መዛል፣ ያለ ድጋፍ ቁጭ ማለት አለመቻል፣ ድንገት የጠፋ መስማት፣ ጆሮው እየመገለ ማዞር የጀመረው። የመጨረሻው በእኛ አገር ብዙ ነው፤ «የቆየ የጆሮ መግል ነው» ተብሎ አይናቅ።

ጆሮ ስታጥቡም ውሃው 37 ዲግሪ ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ ጤነኛውንም ያዞረዋል፤ ባራኒ እ.ኤ.አ. የ1914ን ኖቤል ያገኘበት የምርምር መሠረት ይኸው ነው።

ፋርማሲ፣ ኮምቦልቻ

ሁለታችሁም ቸኮላችሁ፤ ታካሚዋን የሚያዛጋት መድኃኒቱ ነው።

ሲናሪዚንም ፕሮሜታዚንም የማስመለስና የመዞር ማስታገሻዎች ናቸው፤ የሚሠሩት አንጎልን በማደንዘዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ልክ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን አንጎል ጉድለቱን እንዳያይ ስለሚሸፍኑበት ማካካሻውን ያዘገዩታል። ያላየውን ስህተት አያርመውም። 11 ሳምንት ሲናሪዚን ማለት 11 ሳምንት የታሰረ አንጎል ማለት ነው፣ በላዩ ላይ እንቅልፍ። ሌሊት የተዋጠ ፕሮሜታዚን ደግሞ ጠዋትም አይለቅም።

በቆየ ቁጥር ሲናሪዚን የሚያመጣው ሌላ ነገር አለ፦ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የሰውነት መገተር፣ አረማመድ ማጠር፣ የስሜት መጨለም። በተለይ በዕድሜ በገፉት ላይ ፓርኪንሰን ይመስላል። ስትሄድ እጇ እንደሚወዛወዝ ተመልከት፤ ፊቷ ደርቆ እንደሆነም።

አቋራረጡ፦ ፕሮሜታዚኑ ዛሬ ይቁም። ከሲናሪዚኑ መጀመሪያ የጠዋቱን አስቀር፣ ከ4 ቀን በኋላ የቀኑን፣ ከሌላ 4 ቀን በኋላ የማታውን። የማታውን መጨረሻ የምናስቀረው እንቅልፍ ማምጣቱ ቢያንስ በሰዓቱ እንዲሆን ነው። ባቆመች በጥቂት ቀናት ውስጥ ማዞሩ ትንሽ ሊመለስ ይችላል። ይህን አስቀድመህ ካልነገርካት «በሽታው አገረሸ» ብላ ተመልሳ ትገዛዋለች።

ጓዳ ውስጥ ያለውን ሁሉ ታምጣ። የጉንፋን ኪኒን (ክሎርፌኒራሚን ያለበት)፣ አሚትሪፕቲሊን፣ የእንቅልፍ ኪኒን፣ ሁሉም ይደመራል። የቢ ኮምፕሌክስ መርፌና የግሉኮስ ጠብታ ደግሞ ለዚህ ድካም ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ሄሞግሎቢኑ። 12.6 «ደህና ነው» ያለው ማን ነው? እርጉዝ ላልሆነች ሴት ወሰኑ 12 ነው፤ ግን ለባሕር ጠለል ነው። ሐይቅ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ላይ ደም በራሱ ስለሚወፍር ከተለካው ላይ ተቀንሶ ነው የሚነበበው፤ ለ2000 ሜትር ቢያንስ 0.8። 11.8 ሆነ ማለት ነው፤ ቀላልም ቢሆን ደም ማነስ አለ። ደሴ ላይ ቢሆን የሚቀነሰው ይጨምራል። የወር አበባዋን ብዛትና የሆድ ትል ነገር ጠይቅና ብረት ጀምርላት። ኪኒኑ ከቡናና ከሻይ ይራቅ፤ 1 ሰዓት ቀድሞ ወይም 2 ሰዓት ቆይቶ። ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ሰዓት መፈለግ ነው፤ ከመኝታ በፊት ያለው ብዙውን ጊዜ ይመቻል።

ጫት ትቅማለች ወይ ብለህም ጠይቅ፣ ሳታሳፍር። ምርቃናው ድካሙን ይሸፍናል፣ እንቅልፉን ይወስዳል፣ በማግስቱ የሚመጣው ድብርት ከጆሮ ድካም አይለይም።

ተሁለደሬ (ጠያቂ)

አላህ ይስጥልን፤ ሄሞግሎቢኑን እንዲያ አላነበብኩትም ነበር። ዲክስ ሆልፓይክ ሁለቱም ጎን ንጹሕ ነው። የጭንቅላት ግፊት ምርመራው ላይ ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይኗ ዘሎ ተመለሰ፤ የንባብ ሰሌዳው 4 መስመር ወረደ። እጇ ይወዛወዛል፣ መንቀጥቀጥ የለም። ጫት የለም።

የቀረኝ የቤቱ ነገር ነው። ሥራውን ማቆም አትችልም፤ አራት ልጅ አለ። ሶላት ላይ ከሱጁድ ስትነሳ ትንገዳገዳለች፣ እሱ አሳፍሯታል። ረመዳን ሲመጣስ? ደሴ ልላካት ብል ደግሞ መኪናውን ትፈራዋለች።

ፊዚዮ ከደሴ

ሥራ ማቆም ሳይሆን ሥራን እየቆራረጡ መሥራት ነው። ያላትን አቅም በጠዋት ጨርሳ ከሰዓት በኋላ ዕዳ ውስጥ ትገባለች። ድካም ከመምጣቱ በፊት ትረፍ፤ ከመጣ በኋላ የሚወሰድ እረፍት ሁለት እጥፍ ያስከፍላል። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ ቁጭ ማለት፣ ዓይንን አንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ። መተኛት አይደለም። የቀን እንቅልፍ ካስፈለገ 30 ደቂቃ፣ ከ9 ሰዓት በፊት፤ ከዚያ ካለፈ ሌሊቱን ይበላዋል።

እንጀራውን ተመልከተው። ሊጡ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ምጣዱ ዝቅ ብሎ፣ ለእያንዳንዱ እንጀራ ጎንበስ፣ ቀና፣ ዞር፣ ደግሞ ጎንበስ፤ 25 እንጀራ ማለት መቶ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ነው፣ በጭስ ውስጥ፣ ዓይን እያለቀሰ። ዓይኗ ነው ምርኩዟ፤ ጭሱ ያንኑ ይነጥቃታል። የሊጡ ባልዲ በርጩማ ላይ ይውጣ፣ በምትጋግርበት ክንድ በኩል። ሰፌዱ በሌላው በኩል በዚያው ከፍታ። ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ይከፈት። እሳት ከተያያዘ በኋላ ግማሹን ጋግሮ ማቆም እንጨት ማባከን መሆኑን አውቃለሁ፤ እንግዲያው መጋገሩን ሙሉ ታድርግና በዚያ ቀን ልብስ ማጠብም ገበያም አይኑር። ከባድ ሥራ በቀን አንድ። ውሃ ማምጣት ለልጆቹ ነው፤ ጀሪካን በጀርባ ማለት ጎንብሶ መሬት እያዩ መሄድ ነው፣ አሁን የሚመቻት ቀና ብሎ ሩቅ ማየት ነው።

ልምምዱን ከመጋገር በፊት ትሥራ፤ ከዚያ በኋላ አቅም የለም፣ አንበሳውም አይታያትም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ 10 ደቂቃ በእግር፣ ደልዳላ መንገድ፣ በብርሃን፤ ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ እያየች፣ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ እያየች። ገበያ ጠዋት ሰው ሳይበዛ፣ በዳሩ በኩል ትጀምር። ፈጽሞ አለመሄድ ፍርሃቱን ያሳድገዋል።

ሶላቱን ቁጭ ብላ መስገድ ትችላለች፤ ለታመመ የተፈቀደ ነው፣ ኢማሙን ቢጠይቁላት ኀፍረቱ ይቀልላታል። ቆማ መስገድ ከመረጠች ግድግዳ አጠገብ ትቁም፤ ከሱጁድ ስትነሳ ቁጭ እንዳለች ሦስት ትንፋሽ ትጠብቅ፣ ዓይኗ ከፊቷ ባለ አንድ ነገር ላይ ይሁን፣ ከዚያ ትቁም። መጨረሻ ላይ ሰላም ስትል ጭንቅላቷን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞሯማ የእኛው ልምምድ ነው። ስግደት የሚበዛባቸው ክርስቲያን ታካሚዎችም በዐቢይ ጾም ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ መልሱ ያው ነው፣ የሚጠየቀው የንስሐ አባት ነው። ከሱጁድ የምትነሳበት መንገዳገድ ከደም ግፊት መውረድ እንዳይሆን ደግሞ 5 ደቂቃ አስተኝተህ ለካ፣ ስትቆም በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገም። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ውሃና ምግቡን አስተካክል።

ረመዳን ላይ መጾም ከቻለች ልምምዱ ከፍጡር 1 ሰዓት በኋላና ከሱሁር በፊት ይሁን። በቀኑ መጨረሻ፣ ደርቃ፣ ርቧት የሚሠራ ልምምድ ከጆሮ የመጣውን ከጥማት መለየት አያስችልህም።

ማታ ባትሪው እግሯ ሥር ሳይሆን ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ፊት ይብራ። ሽንት ቤቱ ውጭ ከሆነ ከበሩ እስከዚያ ድረስ ገመድ በወገብ ከፍታ ዘርጉላት።

ከአንገት በላይ

ደሴ ለመላክ የሚያስቸኩል ነገር አላየሁም። 6 ሳምንት ሠርታ ሰሌዳው ካልተሻሻለ፣ መስማቷ ከተነካ ወይም ማዞሩ በየጊዜው መመላለስ ከጀመረ ላካት።

ስትልካት ግን የፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ መስኮቱ ከፈት ይበል፣ ዓይኗ ከመንገዱ ርቆ ያለው ተራራ ላይ ይሁን፤ ስልክም ሆነ የጎን ዛፎቹን አትይ። ከእናንተ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ለሚወጡት ጠመዝማዛው ይበዛል። ከመንገዱ በፊት ሲናሪዚን አትስጣት፤ የዚያን ዕለት ምርመራ ያበላሽብናል። ስትደርስ ወዲያው ወረፋ አትቁም፣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ትበል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሰሌዳውን ድገምና ስንት መስመር እንደወረደ እዚሁ ጻፍልን። የ10 ሜትሩንም።